ስለ ብሮውዘር ጠይቃችሁኛል፤ ከማን ነው የምትደበቁት?

ስለ ብሮውዘር (እንደ ክሮም ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም) እና ስለ ግል መረጃ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ፍላጎታችሁ ያው ነው፦ ቶሎ የሚከፍት፣ ዳታ የማይበላ፣ የማይሰልል። ሦስቱንም እኩል የሚሰጥ አላገኘሁም። ስለዚህ መጀመሪያ ከማን መደበቅ እንደምትፈልጉ ወስኑ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢንኮግኒቶ ከፍቼ ስገባ ማንም አያየኝም አይደል?

መልስ፦ ያይሃል እንጂ። ኢንኮግኒቶ የሚደብቅህ ያንኑ ስልክ ከሚነካካ ሰው ብቻ ነው። ስትዘጋው ሂስትሪውና ኩኪው (ድረ ገጹ አንተን ለማስታወስ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል) ከስልክህ ይጠፋል፣ በቃ። የገባህበት ድረ ገጽ መግባትህን ያውቃል። ኢንተርኔት የሚሰጥህም የት እንደገባህ ያውቃል። ጉግል በዚሁ ጉዳይ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሶ ነበር። በ2024 በስምምነት ሲጨርስ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል።

ጥያቄ፦ ክሮም ላይ ማስታወቂያ የሚያግድልኝ ዩብሎክ ኦሪጅን ጠፋብኝ። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። ጉግል ነው ያጠፋው። የኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ደንቡን ቀይሮ ማኒፌስት ቪ3 የሚባለውን አመጣ። ድሮ ኤክስቴንሽኑ ገጹ የሚጠራውን እያንዳንዱን ነገር አይቶ ራሱ ያግድ ነበር። አሁን ምን ይታገድ የሚል ዝርዝር አስቀድሞ ይሰጣል፣ የሚያግደው ብሮውዘሩ ነው። ጉግል ለደህንነትና ለፍጥነት ብዬ ነው ይላል። ሙሉ ውሸት አይደለም፤ የምትከፍተውን ሁሉ የሚያይ ኤክስቴንሽን በክፉ ሰው እጅ ከገባ አደገኛ ነው። ግን የጉግል ገቢ በአብዛኛው ከማስታወቂያ እንደሆነም አትርሳ። ክሮምን አልለቅም ካልክ ላይት የሚባለው ስሪት አለ፤ አቅሙ ያንሳል። ሙሉው ፋየርፎክስ ላይ ይሠራል፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ጭምር።

ጥያቄ፦ ፋየርፎክስም መረጃ መሸጥ ጀመረ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ነገሩ እንዲህ ነው። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ በ2025 መጀመሪያ አዲስ የአጠቃቀም ውል አወጣ። መረጃችሁን አንሸጥም የሚለውን የቆየ ቃሉንም ከገጹ ላይ አነሳ። ሰው ጮኸበት፣ እሱም ውሉን ቶሎ አስተካከለ። እኔም ተናድጄ ነበር። ሌላም አለ፦ አብዛኛው ገንዘቡ የሚመጣው ከጉግል ነው፤ የጉግልን መፈለጊያ ቀዳሚ አድርጎ ስለሚያቀርብ ይከፈለዋል። ይህን ሁሉ እያወቅኩም የምጠቀመው እሱን ነው። ከ2022 ጀምሮ የየድረ ገጹን ኩኪ ለየብቻው ስለሚያስቀምጥ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ከገጽ ገጽ ሊከተልሽ ይቸገራል። ሴቲንግ ውስጥ መግባት ሳያስፈልግሽ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ስልኬ ትንሽ ናት፣ ፓኬጄም ቶሎ ያልቃል። ኦፔራ ሚኒ ነው የምጠቀመው። ክፋት አለው?

መልስ፦ እማማ፣ ዳታ በመቆጠብ የሚያህለው ጥቂት ነው። ግን በጣም በሚቆጥበው ሁኔታ ላይ ሲያደርጉት ገጹ መጀመሪያ የኩባንያው ሰርቨር ላይ ይከፈትና ተጨምቆ ይደርስዎታል። ድሮ ደብዳቤ ለጎረቤት ልጅ እንደማስነበብ ነው፤ ልጁ ጨዋ ቢሆንም የተጻፈውን ያውቃል። ለዜናና ለኳስ ውጤት ምንም አይደል። ባንክና ኢሜይል ግን በሌላ ብሮውዘር ይክፈቱ። ደግሞም ብዙ ዳታ የሚበላው ማስታወቂያና ቪዲዮው ስለሆነ፣ ማስታወቂያ ማገድ ብቻውን ፓኬጅዎን ያበረክትልዎታል።

ጥያቄ፦ ብሬቭስ?

መልስ፦ ጥሩ ብሮውዘር ነው፤ ገና ስትጭነው ጀምሮ ማስታወቂያ ያግዳል። በ2020 የክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ገበያ አድራሻ ስትጽፍ ኮሚሽን የሚያገኝበትን ኮድ ራሱ ሲጨምር ተይዞ ይቅርታ ጠይቋል። የክሪፕቶውን ነገር ዝጋውና ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ዋይፋዩ የአሠሪዬ ነው። የማደርገውን ያዩታል? ቶር ልጫን?

መልስ፦ እህቴ፣ ስልኩ የማን ነው? የራስሽ ከሆነና የድረ ገጹ አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ (https) ከጀመረ፣ የዋይፋዩ ባለቤት የትኛው ድረ ገጽ እንደገባሽ ሊያውቅ ይችላል፤ እዚያ ውስጥ የጻፍሽውን ግን አያነብም። ስልኩን የሰጡሽ እነሱ ከሆኑ ግን ሌላ ነው። የሚከታተል አፕ ተጭኖበት ከሆነ ፋየርፎክስም ቶርም አያድንሽም። የግል ጉዳይሽን እዚያ ላይ አትክፈቺ። ቶር ግንኙነትሽን በሦስት ኮምፒውተር አዙሮ ስለሚያሳልፍ ማንነትን ይደብቃል፤ ይንቀራፈፋልም። ቶር መጠቀምሽ ራሱ ግን ሊታወቅ ይችላል። አገራችንም በ2012 ታግዶ ነበር። ዱባይ ያለችበት ኤሚሬትስ ደግሞ ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመሸፈን የኢንተርኔት አድራሻን መደበቅ ከባድ ቅጣት አለው፤ አድራሻ በሚደብቀው በቪፒኤን ቢሆንም እንዲሁ። ለጭንቀትሽ የሚበጀው የራስሽ ስልክና የራስሽ ሲም ነው።

ጥያቄ፦ አይፎን ላይ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ከአውሮፓ ኅብረትና ከጃፓን ውጭ ከሆንክ ብዙ አትጨነቅ። ሁሉም ከውስጥ የሳፋሪን ሞተር ነው የሚጠቀሙት። ሳፋሪ ራሱ የሌላ ድርጅት ኩኪን ከ2020 ጀምሮ ያግዳል።

ጥያቄ፦ ለአባቴ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁለት። አንድ ብቻ ምረጥልኝ።

መልስ፦ ፋየርፎክስና ዩብሎክ ኦሪጅን። አፕዴቱ በራሱ እንዲሆን ተወው። ድረ ገጾች ኖቲፊኬሽን እንዲፈቀድላቸው የሚጠይቁትንም ከሴቲንግ ዝጋለት፤ አባቶቻችን ፍቀድ የሚለውን አይተው አያልፉም።