ብቅል ሌላ፣ ስኳር ሌላ፦ ስለ ስኮትላንድ ኤል የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በአግባቡ ለመቅመስ ቤልሄቨን ስኮቲሽ ኤል፣ ትራክዌር ሃውስ ኤልና ስከል ስፕሊተር የሚባሉ የስኮትላንድ ቢራዎች ገዝተናል። አንዱን ከፍሪጅ አውጥተን ወዲያው ብንሞክረው ግን ከመልኩ በቀር ከተራ ቢራ የማይለይ ሆነብን። ምን አጠፋን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ጥፋቱ የፍሪጁ ነው። 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የብቅል ሽታ ከፈሳሹ አይነሳም፤ ምላስም ይደነዝዛል። ላገር (በቅዝቃዜ የሚፈላው የተለመደው ቢራ) ለጥም ማርኪያ ስለሚጠጣ ቅዝቃዜው ይስማማዋል፤ የስኮትላንድ ኤል (ኤል ሞቅ ባለ ቦታ የሚፈላ የቢራ ዓይነት ነው) ግን ያለ ሽታው ምንም አይደለም። ቤልሄቨንን ከ10 እስከ 12፣ ሁለቱን ጠንካሮች ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ላይ ቅመሷቸው። ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቢቆይ እዚያው አካባቢ ይደርሳል።

ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ወደ ጠንካራው ይሁን። መጀመሪያ ቤልሄቨን (አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ)፣ ከዚያ ትራክዌር (7.2)፣ መጨረሻ ስከል ስፕሊተር (8.5)። ከተገለበጠ ቤልሄቨን ውኃ ይሆንባችኋል፤ ባላጠፋው ትፈርዱበታላችሁ። ብርጭቆው አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ሲሶውን ብቻ፣ ማለትም ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ቅዱበት። ቅባት የነካው ብርጭቆ አረፋ ይገድላል። ቢራው ሲቀዳ ከታች እየተነሱ ከመውጣት ይልቅ የብርጭቆው ጎን ላይ የሚለጠፉ አረፋዎች ካያችሁ አልጸዳም ማለት ነው። በሙቅ ውኃ አለቅልቁትና ደፍታችሁ አድርቁት፤ ፎጣ አይንካው።

አንድ ነገር በተለይ ለእኛ ቤት፦ ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጨሰ፣ ሽንኩርት እየተቁላላ ቢራ አይመዘንም። በርበሬ ያለበት ምግብም ከቅምሻው በኋላ ይቅረብ። በመካከል ውኃና ምንም ያልተቀባ ዳቦ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እንደተቀዳ ሁለት ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርጋችሁ አሽትቱ። የዳቦ ቅርፊት፣ ብስኩት፣ ቶፊ፣ አንዳንዴም የገብስ ቆሎ ይመጣል፤ በትራክዌር ላይ ዘቢብና ቴምር የመሰለ ነገርም አለ። ቀጥሎ አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ አንድ ጉንጭ ጠጡ። ምላስ ላይ የሚቀረው ጣፋጭነት፣ ምሬትና ጥቂት ኮምጣጣነት ብቻ ነው። ከዋጣችሁ በኋላ አፋችሁን ሳትከፍቱ አፍንጫችሁን ለቅቃችሁ ተንፍሱ። ያን ጊዜ ድንገት የሚመጣው ዳቦና ቶፊ፣ እሱ ነው ብቅሉ። ጀማሪ ቀማሽ እነዚህን ሁለቱን ያደባልቃል፤ «ብቅል የበዛበት» ሲባል «የጣፈጠ» ይመስለዋል። ቤልሄቨን ውስጥ ብቅሉ ብዙ፣ የቀረው ስኳር ግን መጠነኛ ነው፤ ጥሩ ኤክስፖርት (መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የስኮትላንድ ኤል) በብቅል ጀምሮ ደረቅ ብሎ ያልቃል። ጠንካሮቹ ሞላ ብለው ቢጨርሱም ምላስ ላይ እንደ ሽሮፕ መጣበቅ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ የስኮትላንድ ቢራ እንደ ውስኪያቸው የጭስ ሽታ ሊኖረው ይገባል ይባላል። እኔ የቀመስኩት ግን ምንም ጭስ የለውም። የተበላሸ ይሆን? (ከለንደን)

መልስ፦ አልተበላሸም። ጭሱ የውስኪው ነው፤ ያውም የሁሉም ውስኪ ሳይሆን በተለይ እንደ አይላ ባሉ ደሴቶች፣ ከረግረግ በሚቆፈረው ፒት ጭስ ብቅላቸውን የሚያደርቁት። ፒት የነካውን ብቅል ኤል ውስጥ የመጨመር ልማድ ያስፋፉት የአሜሪካ አነስተኛ ጠማቂዎች ናቸው። የቢራ ዳኞችን የሚያሠለጥነውና ፈተና የሚሰጠው ቢጄሲፒም የጭስ ብቅልን ለስኮትላንድ ኤል ተገቢ አይለውም፤ እንዲህ ያለው ቢራ የሚወዳደረው ከጭስ ቢራዎች ጋር ነው። የሚፈቀደው ከተቆላ ገብስ የሚመጣ ቀለል ያለ የቆሎ ሽታ ነው።

በወይራ በታጠነ ጋን ጠላ እየጠጣ ያደገ ሰው ጭስ ያለበትን ቢወድ አይፈረድበትም፤ እንዲያውም ትክክለኛው እሱ ይመስለዋል። መውደድና መመዘን ግን ለየቅል ናቸው። ሽታው ወደ ቁስል ፕላስተር ወይም ሐኪም ቤት ካደላ ምንጩ የበዛ ፒት ወይም ጠማቂው ያላስወገደው የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በየትኛውም ቢራ ላይ ጉድለት ነው።

ጥያቄ፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 80/- ምን ማለት ነው?

መልስ፦ 80 ሺሊንግ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቢራ በበርሜል ዋጋው ይጠራ ነበር፤ ጠንካራው ውድ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ብሪታንያ በ1971 ሺሊንግን ብትተውም ስሙ ቢራው ላይ ቀረ። ዛሬ 60 ላይት፣ 70 ሄቪ፣ 80 ኤክስፖርት ይባላሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ዊ ሄቪ ነው። «ሄቪ» የሚባለው አልኮሉ 4 በመቶ እንኳ የማይሞላ መሆኑ ያስቃል፤ ለካስ ከላይቱ ጋር ሲወዳደር ነው።

ጥያቄ፦ ቶፊና ቅቤ አፌ ላይ ይደበላለቁብኛል። አንዱ መልካም፣ ሌላው ጉድለት ከሆነ እንዴት ልለያቸው? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ቅቤ ስንል በኮረሪማና በአብሽ የተነጠረውን አያስቡ፤ ሲኒማ ቤት ፋንዲሻ ላይ የሚያፈሱትን ያስቡ። ዳይአሴቲል ይባላል፤ እርሾ ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው ከተቀዘቀዘ ይቀራል። ከሽታው ይልቅ የሚያጋልጠው ምላስ ላይ የሚያንሸራትተው ቅባት መሰል ስሜት ነው። ቶፊ ይህ የለውም፤ እሳት የነካው ስኳር ይሸታል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መረር ይላል። በስኮትላንድ ኤል ጥቂት የቅቤ ከረሜላ ሽታ ይፈቀዳል፣ ፋንዲሻ ግን አይፈቀድም። ድራፍት ቤት ውስጥ ቅቤ ከሸተተዎትና ያው ቢራ በጠርሙስ ሲሆን ከሌለው፣ የድራፍቱ ቱቦ አልታጠበም።

የራሰ ካርቶን ሽታ አየር የገባበት ያረጀ ቢራ ምልክት ነው። ዓመታት በቆየ ዊ ሄቪ ላይ ግን ያው እርጅና እንደ ሼሪ ወይን ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ይህን ዳኞች ይታገሡታል።

ጥያቄ፦ ቤቴ 20 ሊትር ኤክስፖርት ጠምቄ ነበር። ብቅሉን በ70 ዲግሪ ዘፈዘፍኩ፣ 700 ግራም ክሪስታል ብቅል (ስኳሩ እህሉ ውስጥ እያለ የተቆላ ጣፋጭ ብቅል) ጨመርኩ፣ በ13 ዲግሪ አስፈላሁ። የስኳሩን መጠን የሚያሳየው የፈሳሹ እፍጋት መነሻው 1.052 ነበር፤ 1.024 ላይ ቆመ። በጣም ይጣፍጣል። (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ እርሾው ከግማሽ ትንሽ በላይ ብቻ ነው የበላው፤ ከ1.013 እስከ 1.016 ድረስ መውረድ ነበረበት። መጀመሪያ የለኩት በሪፍራክቶሜትር (ስኳርን በብርሃን ስብራት በሚለካ መሣሪያ) ከሆነ አይመኑት፤ አልኮል ሲኖር ከፍ አድርጎ ያሳያል። ጋዙን አስወጥተው በ20 ዲግሪ ላይ በሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ላይ በሚንሳፈፍ መለኪያ) ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ ያው ከሆነ ሦስቱም ጥፋቶች ተባብረዋል። በ70 ዲግሪ የተዘፈዘፈ ብቅል እርሾ የማይበላው ስኳር ያበዛል፤ 700 ግራም ክሪስታል ሌላ ጣፋጭ ይጨምርበታል፤ በ13 ዲግሪ ደግሞ አብዛኛው የኤል እርሾ ደክሞት ወደ ታች ይዘቅጣል።

የሚታረመው ሦስተኛው ብቻ ነው። ማስፈሊያውን 20 ዲግሪ ላይ አድርገው፣ አየር ሳያስገቡ ቀስ ብለው አወዛውዘው እርሾውን ያስነሱትና አንድ ሳምንት ይጠብቁ። በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክተው ካልተንቀሳቀሰ በቃው። ሳይረጋ በጠርሙስ አይሙሉት፤ እርሾው ዘግይቶ ከነቃ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ለሚቀጥለው 4 ኪሎ ፔል (ፈዛዛ) ብቅል፣ 80 ግራም የተቆላ ገብስ፣ ክሪስታሉን ከ250 ግራም አያሳልፉ። በ67 ዲግሪ ይዘፍዝፉ፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ያስፈሉ። ያ 80 ግራም ነው ቀለሙንም፣ መጨረሻ ላይ አፍ የሚያደርቀውንም የሚሰጠው። ቶፊ ካማረዎት ከተዘፈዘፈው ብቅል መጀመሪያ ከሚወርደው ጭማቂ 4 ሊትር ለብቻ አውጥተው 1 ሊትር እስኪቀር ያፍሉና ይመልሱበት፤ ከክሪስታል የተሻለ መንገድ ነው። አውሮራ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ውኃ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የሆፕስ (እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጥ አበባ) ምሬት በደንብ አይወጣም፣ የመጀመሪያውን ሆፕስ ትንሽ ከፍ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ውድድር ላይ ኤክስፖርት ብዬ ያስገባሁት ቢራ ከ50 31 አገኘ። አልኮሉ 6.2 ነው። ወደቅሁ ማለት ነው? (ከሲያትል)

መልስ፦ በቢጄሲፒ መለኪያ ከ30 እስከ 37 «በጣም ጥሩ» ነው። ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ አፍ ላይ ያለው ስሜት 5፣ አጠቃላይ 10 ይይዛሉ። ወረቀቱን ሲያነቡ ሽታና ጣዕም ላይ ብቻ ያተኩሩ፤ ለመልክ ብሎ ብዙ የሚለፋ ሰው የሚሟገተው ለ3 ነጥብ ነው። ዳኛው «ለስታይሉ ከብዷል» ካለ ችግሩ ቢራው ሳይሆን ምድቡ ነው። ኤክስፖርት ከ3.9 እስከ 6.0፣ ዊ ሄቪ ከ6.5 እስከ 10 በመቶ ስለሆነ የእርስዎ በመካከሉ ወድቋል። ዳኛ በምላሱ እንጂ በመለኪያ ስለማይፈርድ፣ አንድ ጠርሙስ በ12 ዲግሪ ከፍተው ይቅመሱት። አልኮሉ ጉሮሮ ካሞቀ ዊ ሄቪ፣ ካላሞቀ ኤክስፖርት ብለው ያስገቡት።