ጭንቅላቱ ሸተተብኝ ላልሽው እህት፦ የፈርሱት አጠባና አደራረቅ እንደ እኔ ልምድ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ የመጀመሪያ ፈርሱትሽን፣ ማለትም ከሰው ሠራሽ ፀጉር የተሠራውን፣ ጭንቅላትና ጭራ ያለውን የእንስሳ ገጸ ባሕርይ ልብስሽን፣ አምስት ሰዓት ያህል ለብሰሽ ውለሽ፣ ማታ ደክሞሽ ከነሻንጣው ትተሽው ተኛሽ፤ በማግስቱ ስትከፍቺው ጭንቅላቱ ውስጡ ሸተተ። አሁን ሙሉውን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ልክተተው ወይስ ሽቶ ልርጭበት ነው ያልሽው።

ሁለቱንም ተይ። ጭንቅላቱ ማሽን ውስጥ አይገባም። ሽቶው ደግሞ ከላብ ጋር ሲቀላቀል ሌላ ሦስተኛ ሽታ ነው የሚወልደው፤ እኔ አድርጌው ለሁለት ሳምንት አብሬው ኖሬያለሁ።

ትኩስ ላብ ይህን ያህል አይሸትም። የሚሸተው ባክቴሪያ ሙቀትና እርጥበት አግኝቶ ላቡን መብላት ሲጀምር ነው፤ ተዘግቶ ያደረ ሻንጣ ደግሞ ሁለቱንም አሟልቶ ይሰጠዋል። ስለዚህ ስንት ጊዜ ልጠበው ከማለትሽ በፊት፣ ካወለቅሽው በኋላ ስንት ሰዓት እርጥብ ሆኖ ይቆያል የሚለውን አስቢ። የቱንም ያህል ቢደክምሽ ቤት ስትገቢ ከሻንጣው አውጪው። ይህችን ብቻ ከያዝሽ ግማሹ ችግር የለም።

አሁን ለሸተተው ጭንቅላት። ገበሩ የሚወልቅ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ፦ አውጥተሽ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በእጅሽ እጠቢው። የማይወልቅ ከሆነ 70 በመቶ አልኮል በመርጫ ጠርሙስ አድርገሽ ውስጡን በስሱ እርጪው። ጠንካራ ይሻላል ብለሽ 99 በመቶውን እንዳትፈልጊ፤ እሱ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል፣ ውሃ ያለበት ግን ቆየት ብሎ ባክቴሪያውን ይገድላል። ቮድካ የሚረጩም አሉ፤ ሽታውን ቀነስ ያደርገዋል፣ ግን አልኮሉ 40 በመቶ አካባቢ ስለሆነ በጀርም ማጥፊያነት አልተማመንበትም። ከእሳት አርቀሽ፣ መስኮት ከፍተሽ እርጪ፤ ሳይደርቅ ደግሞ እንዳታጠልቂው፣ ትነቱ ያፍናል። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ አልኮል ቀለም ያስለቅቃል፣ አንዳንዱንም ፕላስቲክ ይሰነጣጥቃል። ዓይኖቹ ላይ ያለው ወንፊት ብዙውን ጊዜ በቀለም የተቀባ ነው፤ ስትረጪ በደረቅ ጨርቅ ሸፍኚው። የማትተማመኚበትን ቦታ ሁሉ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሪ።

ከዚያ ማራገቢያ። ጭንቅላቱን አንገቱ ወደ ታች ሆኖ መሬት ላይ ካስቀመጥሽው ውስጡ አየር አያገኝም። እኔ ከፍ ያለ ጠርሙስ ላይ እሰካውና ማራገቢያውን ወደ አንገቱ ክፍተት አዞርለታለሁ፤ አየሩ በአፉ በኩል ይወጣል። ላዩን በእጅሽ ዳስሰሽ ብቻ ደርቋል አትበዪ። ጭንቅላቱ የተሠራበት ስፖንጅ ላዩ ደርቆ ልቡ እርጥብ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በተለይ አገጩ ላይ፤ ላቡ ሁሉ ወርዶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ጫን አድርገሽ ከንፈርሽን ወይም ጉንጭሽን አስጠጊው፤ ከቀዘቀዘሽ ውስጡ ገና እየተነነ ነው ማለት ነው፣ አልደረቀም።

ሙሉውን ጭንቅላት ውሃ ውስጥ የሚነክሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ ተሳክቶላቸዋልም። እኔ ግን አልደፈርኩም፤ ያ ሁሉ ስፖንጅ የጠጣውን ውሃ እስኪተፋ ቀናት ይፈጃል፣ እስከዚያ ሻጋታ ከገባ መልሶ ማውጣቱ ጭንቅ ነው። የውጭው ፀጉር ሲቆሽሽ የሳሙና አረፋውን ብቻ በጨርቅ ይዤ በፀጉሩ አቅጣጫ እጠርገዋለሁ፣ ቀጥሎ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ አነሳዋለሁ። አፍንጫው አካባቢ ያለው ነጭ ፀጉር ቢወይብብሽም በረኪና እንዳይታይሽ፤ ቀለሙንም ጨርቁንም ይጎዳል።

የሰውነቱ ልብስ ማሽን ይችላል፣ የሠራው ሰው ከከለከለሽ በቀር። ቀለሙ በርጭት የተቀባበት ቦታ ካለ ግን መጀመሪያ ነጭ እርጥብ ጨርቅ አሽተሽ እዪ፤ ከለቀቀ በእጅ ነው። ከማጠብሽ በፊት ጭራውን፣ የጭኑን መሙያ ትራሶች፣ ባትሪና ማራገቢያ ካለው እነሱንም አውጪ። ከዚያ አበጥሪው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ፀጉሩ ላይ ያለ ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል፣ በኋላ በመቀስ ካልሆነ አይፈታም። ዚፑን ዘግተሽ ልብሱን ገልብጪው፤ ላቡ ያለው ከውስጥ ነው፣ ፀጉሩም ከመፋተግ ይድናል። በሩ ከፊት የሆነ ማሽን ይሻላል፤ ከላይ የሚከፈተው መሐሉ ላይ ምሰሶ ካለው ልብሱን ጠምዝዞ ስፌቱን ይጎትተዋል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስስ ልብስ የሚሆነው ዙር፣ ሳሙናው ከወትሮው ግማሽ። ማለስለሻ አልጠቀምም፤ ፀጉሩ ላይ ተለጥፎ ያከብደዋል። መጀመሪያ ሳጥብ ትልቅ ልብስ ነው ብዬ ሳሙናውን አፍስሼበት አምስት ጊዜ አለቅልቄም አረፋው አላልቅ ብሎኝ ነበር።

በገንዳ የምታጥቢ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈሽ በእጅሽ እየተጫንሽ እጠቢ፤ አትሺው፣ አትጠምዝዢው። ውሃውን አፍስሰሽ እዚያው ገንዳው ውስጥ እንዲንጠፈጠፍ ተዪው፣ ቀጥሎ በፎጣ እየጠቀለልሽ ጭመቂው። ስታነሺው ደግሞ እንደተኛ ሕፃን ከሥሩ ደግፈሽ እንጂ ትከሻውን ይዘሽ እንዳይሆን። ውሃ የጠጣ ፈርሱት ክብደቱ ሌላ ነው። የኔን ገመድ ላይ በትከሻው ሰቅዬው ሄጄ ስመለስ የብብቱ ስፌት ተተርትሮ ጠበቀኝ።

ሙቀትን በተመለከተ ምንም ድርድር የለም። ይህ ፀጉር ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ነው፣ ፕላስቲክ ማለት ነው። ማድረቂያ ማሽን፣ ካውያ፣ ሙቅ ውሃ፣ ምድጃ አጠገብ ማስጣት፣ ሁሉም ያበላሹታል። እኔ በችኮላ በፀጉር ማድረቂያ ጉንጩን ላደርቅ ብዬ ደቂቃ ሳይሞላ የፀጉሩ ጫፍ ተኮማተረ። ብታበጥሪው፣ ብታጥቢው አይመለስም፤ ያንን ቁራጭ ቀድጄ በሌላ አስተካሁት፣ ቀለሙም ዛሬ ድረስ አልገጠመም። ቀዝቃዛ አየር ብቻ የሚነፋ ከሆነ ግን የፀጉር ማድረቂያውን መጠቀም ትችያለሽ። ፀሐይም ቀለም ታደበዝዛለች፤ ጥላና ነፋስ ይበቃል።

ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አቁመሽ ልብሱን እንደተገለበጠ ዘርጊበት፣ ማራገቢያ አስነሺበት፣ በየጥቂት ሰዓቱ አገላብጪው። የውስጡ ጨርቅ ሲደርቅ ወደ ፀጉሩ መልሺው። አንድ ቀን ተኩል፣ ረዥም ፀጉር ከሆነ ሁለት ቀን ቁጠሪ። ፀጉሩ ጤዛ እንደነካው ያህል ብቻ እርጥብ ሲሆን የሽቦ ጥርስ ባለው የውሻ ብሩሽ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥሩ እየገባሽ አበጥሪው፣ በሌላ እጅሽ ሥሩን ያዢ። ሙሉ ለሙሉ ከደረቀ በኋላ ከሆነ ተንጨፍርሮ ይቀራል።

እጆቹን በእጅሽ እጠቢያቸው። እግሮቹ ስፖንጅ ስለሆኑ እንደ ጭንቅላቱ ናቸው፦ መርጨት፣ ውስጣቸውን ወረቀት መጎሰር፣ ወረቀቱ ሲርስ መቀየር። ጭራው ላብ አይነካውም፣ መሬት ግን ይጠርጋል፤ ጫፉን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ ከፈርሱቱ ሥር የምለብሰው ነው። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ጥብቅ ያለ የስፖርት ልብስና ፊት ብቻ የሚያሳይ ስስ ኮፍያ ካደረግሽ አብዛኛው ላብ እዚያ ይቀራል፤ እሱን ደግሞ እንደማንኛውም ልብስ ታጥቢዋለሽ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ አጠባው አራት አምስት ጊዜ ከለበስኩት በኋላ አንዴ ሆኗል፣ አልኮሉና ማራገቢያው ግን በለበስኩት ቁጥር ነው። ስታስቀምጪው ላስቲክ ውስጥ አትጠቅልዪው፤ አየር የሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ይበቃዋል።

ለዛሬ ማታ ግን ሌላውን ሁሉ ተዪና ጭንቅላቱን ጠርሙስ ላይ ሰክተሽ ማራገቢያ ክፈቺበት። ነገ በብርሃን የውስጡን ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ለጥፊልን፤ ገበሩ በስፌት ይሁን በሙጫ የተያዘ፣ አገጩ ላይም ጥቁር ነጥብ ካለ፣ አይተን እንነግርሻለን። ነጥቡ ካለ ሻጋታ ሊሆን ይችላልና እስከዚያ አታጥልቂው።