የአባትሽ ሽንት፦ ከፒኤስኤው ቁጥር በፊት የሚታዩ ነገሮች

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትሽ 71 ዓመታቸው ነው። ደሴ ከወንድምሽ ጋር ይኖራሉ፣ አንቺ ዱባይ ነሽ። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይነሳሉ። ሽንታቸው ቀጥኗል፣ ሲሸኑ ያምጣሉ። ባለፈው ወር ሽንት ሲያቃጥላቸው ክሊኒክ ሄደው ታከሙ፣ በዚያው ቀን ደም ሰጥተው ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ 6.2 ወጣ። አልትራሳውንዱ ደግሞ «ፕሮስቴት 52 ግራም» አለ። አንቺም «ካንሰር ነው ወይ? አዲስ አበባ አምጥቼ ኦፕራሲዮን ላሠራቸው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ ነርስ ነኝ። የሽንትና የፕሮስቴት ሕሙማን በሚታዩበት ተመላላሽ ክፍል 12 ዓመት ሠርቻለሁ። የራሴንም አባት በዚሁ ሕመም አስታምሜያለሁ። ሐኪማቸውን አልተካም። ግን ነገሩ ከየት እንደሚጀመር ልንገርሽ።

መጀመሪያ 6.2ን እናንሳ፣ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና። ፒኤስኤ፣ ከወንድ ፊኛ ሥር ያለው ፕሮስቴት የሚባለው እጢ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ካንሰር ሲኖር ይጨምራል፤ እጢው ያለ ካንሰር ሲያድግም፣ ኢንፌክሽን ሲኖርም፣ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ሲገባም ይጨምራል። አባትሽ ደም የሰጡት ሽንት እያቃጠላቸው ነው። እንዲህ ባለ ቀን በወጣ ቁጥር ፍርድ አይሰጥም። ኢንፌክሽኑ በደንብ ታክሞ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል። ደግሞም ቁጥራቸው ከ4 እስከ 10 ከሆነ ወንዶች የእጢው ናሙና ሲወሰድ ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። በሦስቱ አይገኝም ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ያዢልኝ። ፊናስቴራይድ የሚባለው እጢውን የሚያሳንስ ክኒን ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ፒኤስኤን በግማሽ ገደማ ያወርደዋል። እሱን እየወሰዱ ቁጥሩ 3 ቢወጣ ሐኪሙ እንደ 6 አድርጎ ነው የሚያየው። ስለዚህ የሚወስዱት ካለ ሳይነገር እንዳይቀር።

52 ግራሙ ብቻውን አያስደነግጥሽ። የወጣት ፕሮስቴት 20 ግራም አካባቢ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ማደጉ የብዙ ወንድ ነገር ነው። 90 ግራም ይዘው ደህና የሚሸኑ አዛውንት አይቻለሁ። 30 ግራም ይዘው ጭራሽ ዘግቶባቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው እያቃሰቱ የመጡም አይቻለሁ። ወሳኙ እጢው ቧንቧውን ምን ያህል ጨምቆታል የሚለው ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ቁጥር ነው፦ ከሸኑ በኋላ ፊኛቸው ውስጥ ስንት ሚሊ ሊትር ቀረ?

ይህን የምልሽ በአባቴ ስለደረሰ ነው። ክረምት ነበር። ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ፣ ዝናብ እያካፋ የአባቴ ሱሪ ደጅ ተሰጥቶ አየሁ። አንድ አይደለም፣ ሦስት። እናቴን ስጠይቃት «ሌሊት ራሳቸው ያጥባሉ፣ አትናገሪ ብለውኛል» አለችኝ። ሽንታቸው ጠብ ጠብ እያለ ልብሳቸውን ያረጥባል። ቤተሰቡ «እርጅና ነው፣ መቆጣጠር አቃታቸው» ብሎ ትቶታል። እኔም በስልክ ሲነግሩኝ ለወራት እንዲሁ አልፌዋለሁ። ሆዳቸውን ስነካው ከእምብርት በታች ጠንክሮ ተወጥሯል። ከሸኑ በኋላ አልትራሳውንድ ሲነሱ 800 ሚሊ ሊትር ቀርቷል። የኩላሊት ምርመራው፣ ክሬቲኒን የሚባለው፣ 3.1 ደርሷል። ፊኛው ሞልቶ ነው ለካ የሚፈሰው። በካቴተር ወጣላቸው፣ ኩላሊታቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ በኋላም ኦፕራሲዮን ሆኑ። ቶሎ ባለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ወንድምሽ አባትሽን ለብቻቸው ይጠይቃቸው። አንቺ በስልክ ብትጠይቂያቸው «ደህና ነኝ ልጄ» ነው የሚሉሽ። አብዛኛው የኛ አባት ስለ ሽንቱ ለሴት ልጁ አያወራም። በየአገሩ ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው ሰባት ጥያቄዎች አሉ። ከሸኑ በኋላ የቀረ ይመስልዎታል? ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይመልስዎታል? ይቆራረጣል? ሲመጣ መያዝ ያቅታል? ፍሰቱ ደካማ ነው? ለመጀመር ያምጣሉ? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። ድምሩ እስከ 7 ከሆነ ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ስምንተኛም አለ፦ ቀሪ ዕድሜዎን ልክ እንዳሁኑ እየሸኑ ቢኖሩ ምን ይሰማዎታል? ብዙ አዛውንት ሌላውን ሁሉ በ«ደህና ነው» አልፈው እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። አንድ አባት ለቅሶ ቤት መሄድ መተዋቸውን የነገሩኝ በዚህ ጥያቄ ነው። ሰው መሀል ተቀምጠው መነሳቱ አሳፍሯቸው ነበር።

ቀጥሎ ሃይላንድ ያስፈልጋል። አንድ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ አፉን ቆርጣችሁ በማርከር በየ100 ሚሊ ሊትሩ ምልክት አድርጉበት። ለሦስት ቀን ሲሸኑ ሰዓቱና መጠኑ ይጻፍ፣ የጠጡትም ይጻፍ። ከተኙበት ሰዓት ጀምሮ የተሸናው ሁሉ፣ ጠዋት እንደነቁ የሚሸኑትም ጭምር፣ የሌሊት ይባላል። የሌሊቱ ድምር ከቀንና ሌሊቱ ጠቅላላ ከሲሶ በላይ ከሆነ ጥፋተኛው ፕሮስቴት ብቻ ላይሆን ይችላል። ማታ ብዙ ጠጥተው ይሆናል፣ ቀን እግራቸው ላይ ያበጠው ውኃ ሲተኙ ወደ ኩላሊት እየሄደ ይሆናል፣ ልብም ሊሆን ይችላል። በጾም ወራት እስከ ከሰዓት ሳይጠጡ ቆይተው ማታ ውኃውን ሁሉ የሚጠጡ አሉ፣ ረመዳን ላይም እንደዚሁ። የሌሊቱ ድምር ትንሽ ሆኖ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ80 እስከ 100 ብቻ ከሆነ ደግሞ ፊኛው ወይ አይዝም ወይ ባዶ አይሆንም። መድኃኒቱ ለየቅል ስለሆነ መለየቱ ጥቅም አለው።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱት። ላሲክስን የመሰለ ውኃ የሚያስወጣ ክኒን ማታ የሚወስዱ ከሆነ ሌሊቱን መቀስቀሱ አይገርምም፤ ሰዓቱን መቀየር ግን ሐኪሙን ጠይቃችሁ ነው። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒትና ለድብርት ወይም ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ሽንት ሊዘጉ ይችላሉ። ጫትም ፍሰቱን ይቀንሳል፣ ይህን በግልጽ ጠይቁ። የሆድ ድርቀትም ይጨምርበታል። ስኳራቸውም ይታይ።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ የሽንት ምርመራ፣ ክሬቲኒንና በጣት የሚደረገው ምርመራ እንዳይቀሩ። የመጨረሻውን ብዙ አባቶች ይሸሹታል። ወንድምሽ ቀድሞ ይንገራቸው፦ ደቂቃ አይፈጅም፣ ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በፊንጢጣ በኩል እጢውን ይነካል። ያለ ካንሰር ያደገ እጢ ሲነካ ጡጫ ስንጨብጥ አውራ ጣታችን ሥር እንዳለው ሥጋ ነው። እንደ ጉልበት አጥንት የጠጠረ እብጠት ካለ ግን ፒኤስኤው ዝቅ ቢል እንኳ ይጣራል። ለአልትራሳውንዱም «ከሸኑ በኋላ ያለው ይለካ» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሊትር ጠጥተው እስኪፈነዱ ጠብቀው ቢሸኑ ፊኛው ስለሚዝል የቀረው ከእውነቱ በላይ ሆኖ ይታያል። እንደወትሮው ሲሰማቸው ነው መሸናት ያለባቸው።

ከእነዚህ አንዱ ቢደርስ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ሽንት ጭራሽ ዘግቶ ሆድ ሲወጠር። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከሽንት ማቃጠል ጋር ሲመጣ። ደም ረግቶ ሲወጣ። ጀርባ እያመመ እግር ሲዝል። ሳያምም በሽንት ውስጥ ደም ከታየ፣ አንድ ቀን ብቻ ታይቶ ቢጠፋም ይመርመሩ፤ በተለይ ሲጋራ ያጨሱ ከነበሩ።

ታምሱሎሲን የሚባለው ሽንት የሚያቀል ክኒን ከታዘዘላቸው ማታ ይውሰዱት። ሌሊት ሲነሱ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፣ ድንገት ሲቆሙ ያዞራል። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ርቆ ከሆነ ደግሞ ፖፖ አልጋው አጠገብ ይደረግላቸው፣ መብራትም ይብራ። ሌሊት ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አባቶች አሉ።

ኦፕራሲዮኑን ለጊዜው ተዪው፤ የቀረው ሽንትና ክሬቲኒኑ ሳይታወቅ አይወሰንም። አሁን ለወንድምሽ ደውዪለትና ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይጻፍ። የሦስቱ ቀን ቁጥር ሲደርስሽ እዚሁ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።