ወንዝ የሌለበት ሰፈር ለምን በጎርፍ ይጥለቀለቃል? ስለ ሚድዌስት ዝናብ ጥያቄና መልስ

የምኖረው በአሜሪካ ሚድዌስት (መካከለኛው ምዕራብ)፣ በአዮዋ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 ጎርፍ ሲዳር ራፒድስ ከተማን ሲያጥለቀልቅ ጭቃ የዋጣቸውን ቤቶች ካጸዱት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ የጎርፍ መውረጃና የፍሳሽ ቱቦ ሆኖ ቀረ። ነጎድጓዱ በበረታ ቁጥር ከየከተማው ወገኖቻችን ይደውሉልኛል፤ ስለዚህ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ዛሬ ተቀምጬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። በአቅራቢያችን ወንዝ የለም። ታዲያ ጎርፍ እኛን ምን ያደርገናል?

መልስ፦ «ወንዝ አጠገባችን የለም» የሚለውን ቃል ቤታቸው ውሃ ከገባበት ሰዎች አፍ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ጎርፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወንዝ ሞልቶ የሚመጣው ሲሆን ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ይታወቃል። ሁለተኛው ሰማዩ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያወረደውን ውሃ ቱቦው መሸከም ሲያቅተው የሚመጣው ነው። ይህኛው ወንዝ አያስፈልገውም። እንደ ቺካጎ፣ ሚልዋኪና ሴንት ሉዊስ ባሉ ከተሞች አሮጌ ሰፈሮች የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የዝናብ ውሃ የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ነው። ቱቦው ሲሞላ ውሃው መውጫ ይፈልጋል፤ ዝቅተኛዋ መውጫ ደግሞ በቤዝመንታችሁ (ከመሬት በታች ባለው የቤታችሁ ክፍል) ወለል ላይ ያለችው ክብ ቀዳዳ ናት። ቺካጎ ይህን ለመከላከል እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ 109 ማይል የሚረዝም ዋሻ ከመሬት በታች አስቆፍራለች። ያም ሆኖ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ዛሬም ውሃ የሚገባባቸው ቤቶች አሉ።

አመጣጡን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀዳዳዋ ሰው ውሃ ሲጎነጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ታሰማለች። ቀጥሎ ሽታው ይመጣል። ከዚያ ጥቁር ውሃ እንደ ምንጭ ይፈልቃል። አንድ የአገራችን ሰው ቤት ስገባ 25 ፓውንድ የሚመዝኑ የጤፍ ዱቄት ከረጢቶች ወለሉ ላይ ተደርድረው አገኘሁ። የታችኞቹ ውሃውን ጠጥተው አብጠዋል፤ ስፌታቸው ተተርትሮ ሊጡ ወለሉ ላይ ይፈስ ነበር። የቤቱ እመቤት ደረጃው ላይ ተቀምጣ የሠርጓን አልበም ቅጠል በቅጠል እየገለጠች በፎጣ ታደርቃለች። ወንዙ ከዚያ ቤት አራት ማይል ይርቃል።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ መኖራችሁ ይጠቅማችኋል፤ ነገር ግን ከጣሪያችሁ የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ሥር ከተጠራቀመ ኮረብታው አያድናችሁም። የአሸንዳው መውረጃ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቆ እንዲያፈስ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ የወሰደውን ሕዝብ አልረሳም። አሁን ሴንት ሉዊስ ነኝ፤ እዚህም ኃይለኛው ዝናብ ሌሊት ይመጣል። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የደቻቱን ሌሊት ያየ ሰው የውሃን ነገር አያቃልልም። በዚህ አገር መነሻው ደቡብ ነው። በሞቃቱ ወራት ፀሐይ ገብታ ምድር ስትቀዘቅዝ ከመሬት ጥቂት መቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ የሚነፍሰው የደቡብ ነፋስ ይፈጥናል። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር እየነዳ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሚድዌስት ያመጣል። ያ አየር ከሰሜን ከሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገጥም ነጎድጓዱ ይነሣል። የከፋው ደመናዎቹ እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥለው ሲጓዙ ነው፤ አንዱ ዘንቦ ሲያልፍ ሌላው ተከትሎ እዚያው ሰፈር ላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 2022 ሴንት ሉዊስ ላይ የደረሰው ይህ ነው። በአንድ ቀን 8.64 ኢንች ማለትም 219 ሚሊ ሜትር ዘነበ፤ አብዛኛውም ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳ የወረደ ነው። ድሬዳዋ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ሲሶው ገደማ ማለት ነው። የሴንት ሉዊስ የቀድሞ የአንድ ቀን ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ1915 ከአውሎ ነፋስ ርዝራዥ የመጣው 6.85 ኢንች ነበር።

አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ቱቦዎቻችን ግን የተቀበሩት በአያቶች ዘመን በነበረው ዝናብ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ልጆቼን ትጠብቅልኛለች። እንግሊዝኛ አትችልም፤ የአደጋ ማስጠንቀቂያ መጥቶ ስልኩ ሲጮህ ትደነግጣለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ቃል አስተምሪያት። «ዋች» ማለት ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። «ዋርኒንግ» ማለት መጥቷል ወይም ሊደርስ ነው፣ አሁኑኑ ተንቀሳቀሱ ማለት ነው። ከዚያ በትልልቅ ፊደል በአማርኛ ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊላት፦ ቶርኔዶ (የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ) ከሆነ ወደ ቤዝመንት ውረዱ፤ ጎርፍ ከሆነ ከቤዝመንት ውጡ። ይህን የማያውቁ ሰዎች ተሳስተው ሲወርዱ አይቻለሁ። ሁለቱ በአንድ ሌሊት ከመጡና ቤዝመንቱ ውሃ ከያዘ ደግሞ ከምድር ጋር እኩል በሆነው ወለል ላይ፣ መስኮት በሌለው መካከለኛ ክፍል ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ ኮሎምበስ ውስጥ በሌሊት ታክሲ እሠራለሁ። መኪናዬ ከፍ ያለች ናት። ምን ያህል ውሃ ትሻገራለች?

መልስ፦ ምንም አትሻገር። የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ይወስዳል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኞቹን መኪኖች ያንሳፍፋል። በአሜሪካ በጎርፍ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሞቱት በመኪና ውስጥ ነው። በሌሊት ደግሞ ውሃው ሥር አስፋልቱ ይኑር ወይም ተቦርቡሮ ይሂድ የምታውቅበት መንገድ የለም። በድልድይ ሥር የሚያልፉ ዝቅ ያሉ መንገዶችን በተለይ ሽሻቸው። ተሳፋሪው ቢቆጣ ይቆጣ፤ ተመለስ። ልጆችህ የሚጠብቁት አንተን ነው።

ጥያቄ፦ ለቤቴ በየዓመቱ ኢንሹራንስ እከፍላለሁ። ጎርፍንም ይሸፍናል አይደል?

መልስ፦ አይሸፍንም። ይህን መርዶ ለስንት ቤተሰብ በአፌ እንደ ነገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይነካም። የጎርፍ መድን ለብቻው ይገዛል፤ ብዙ ሰው የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1968 ከተቋቋመው የፌዴራል ፕሮግራም ነው። ለአንድ ቤተሰብ ቤት ሕንፃውን እስከ 250,000 ዶላር፣ ዕቃውን እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። በደንቡ ከተገዛ 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም፤ ስለዚህ ደመናውን አይቶ መሮጥ ዋጋ የለውም። ቤዝመንት ላይ ደግሞ ስስታም ነው፤ ማሞቂያውን ይክፈላችሁ እንጂ ያሳመራችሁትን ግድግዳና ሶፋችሁን አይከፍልም። ከወለል ቀዳዳ ተመልሶ ለሚመጣ ፍሳሽ በመደበኛው የቤት ውል ላይ የሚጨመር ሌላ ሽፋን አለ። ነገ ደውላችሁ በስሙ ጠይቁ።

«ቤታችሁ የጎርፍ ስጋት ካርታ ውስጥ የለም» ተብላችሁም አትዘናጉ። ሲዳር ራፒድስ እስከ 2008 የምታውቀው ትልቁ የወንዝ ከፍታ 20 ጫማ ነበር። በዚያ ሰኔ 31 ጫማ አለፈ። ካርታው ያልነካቸው ብዙ ቤቶች ተዋጡ፤ መድን ግዙ ያላቸው ስላልነበረም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ አንድ በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። በ30 ዓመት የቤት ብድር ዘመን ሲሰላ 26 በመቶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኔ ተከራይ ነኝ። የአከራዩ ኢንሹራንስ ዕቃዬን ይከፍልልኛል?

መልስ፦ አይከፍልም። የእሱ ውል ለሕንፃው ነው። ለዕቃህ የጎርፍ መድን ራስህ መግዛት ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ውሃው ትናንት ገብቶብናል። አሁን ከየት እንጀምር?

መልስ፦ አይዟችሁ። ውሃው ሶኬት ጋር ከደረሰ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ እግራችሁን አታስገቡ። ከዚያ ምንም ሳታነሡ ፎቶ አንሡ፤ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር በደንብ ይታይ። ሻጋታ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ስለሚጀምር ምንጣፉን ቶሎ አውጡ። ጤፉን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን ውሃው ከነካው ጣሉት። እናታችሁ አዘጋጅተው የላኩት ቢሆንም ጣሉት፤ ፍሳሽ የነካው እህል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አይድንም። ፕሬዚዳንቱ ካውንቲያችሁን በአደጋ ቀጠናነት ካወጁ ለፌማ (ለፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ድርጅት) አመልክቱ። ለዚህ የግድ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው ማመልከት ይችላል። የእምቢታ ደብዳቤ ቢመጣም 60 ቀን የይግባኝ ጊዜ አላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬ ማታ ኃይለኛ ዝናብ ይጥላል ተብሏል። መድን የለኝም፤ ገንዘብም የለኝም። በቀረችኝ ሰዓት ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቤዝመንት የሚተኛ ሰው ካለ ዛሬ ወደ ላይ ወጥቶ ይተኛ። ሳምፕ ፓምፕ (ከቤዝመንት ጉድጓድ ውሃ እየሳበ ወደ ውጭ የሚገፋ ሞተር) ካለሽ በጉድጓዱ ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ጨምሪና ተነሥቶ ሲገፋ በጆሮሽ ስሚው። በደጅሽ ያለው የመንገድ ጎርፍ መውረጃ በቅጠል ከተደፈነ በመጥረጊያ አጽጂው። ፓስፖርቱን፣ የልደት ወረቀቱን፣ ፎቶዎቹን በፌስታል ጠቅልለሽ ወደ ላይ አውጪ። ጤፉንም ከወለል አንሥተሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ዝናቡ ሲበረታ ልብስ ማጠቢያውን አታስነሺ፤ ገላም አትታጠቡ፤ ከቤትሽ የሚወጣው ውሃ ራሱ የሞላ ቱቦ ነው የሚገጥመው። ስልክሽን ሙሉ ቻርጅ አድርገሽ ድምፁን ከፍተሽ ከራስጌሽ አስቀምጪ። እኔም ዛሬ ማታ ነቅቼ ነው የማድረው፤ ቀዳዳዋ ድምፅ ካሰማች ደውዪልኝ።