ፍንካቹስ?

አንዲት ወጣት የሙዚቃ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ኢንተርንሺፕ ጀምራ ገና በሦስተኛ ሳምንቷ «እዚህ ቤት ሙዚቃ የሚባል ነገር የለም» ብላ ጻፈችልኝ። ሳቄ መጣ። እኔም ስጀምር ያልኩት ይህንኑ ነበር።

እውነቷን ነው። የሙዚቃ ሸክላ ከከረጢቱ ታወጣላችሁ፣ ቁጥሩን ትመዘግባላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። የመቶ ዓመት ቫዮሊን አጠገባችሁ ተቀምጦ ክሩን መነካካት ክልክል ነው። ያንገበግባል፤ ግን ይለመዳል።

የሚከብደው ማጥፋት ነው። የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ቀን በደቂቃ 78 ዙር ከሚሽከረከሩት የድሮ ሸክላዎች አንዱን በአንድ እጄ ጠርዙን ይዤ ሳወጣ ቀጭ አለ። እነዚህ ሸክላዎች በአብዛኛው ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠሩ ናቸው። ቪኒል እንደሚባሉት የኋላ ዘመን የፕላስቲክ ሸክላዎች አይተጣጠፉም፤ እንደ ሳህን ነው የሚሰበሩት። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ስባሪውን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ተናዘዝኩ። አለቃዬ አልተቆጡም። «ፍንካቹስ?» ብቻ አሉኝ። ለካ ከጠርዙ የጥፍር ያህል ቁራጭ ወድቆ ነበር። ወለሉ ደግሞ ሁለቴ ተጠርጓል።

ዛሬ የተሰበረ ሸክላ ላይ መርፌ የሚሄድበትን መስመር በካሜራ አንስቶ ድምፁን የሚያወጣ ቴክኖሎጂ አለ። የሌለ ቁራጭ ግን ፎቶ አይነሳም። መርፌው ከዳር ወደ መሀል ነውና የሚጓዘው፣ እኔ ያስጠረግኩት የዘፈኑን መግቢያ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ከእጃችሁ ካመለጠ እዚያው ቁሙ። ፍርፋሪውን ሳይቀር ለቅማችሁ ፖስታ ውስጥ ክተቱ። በሙጫ ልጠግነው እንዳትሉ፣ አደራ! ከዚያ በዚያችው ሰዓት ተናገሩ።

ማጥፋት ሲባል ደግሞ መስበር ብቻ አይደለም። ሸክላው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያለው ስምና መሀሉ አካባቢ የተቀረጸው ቁጥር አልገጥም ሲላችሁ፣ መጠየቅ አፍራችሁ በግምት ዓመት አትሙሉ። የናንተን ግምት ነገ ሌላው እንደ ማስረጃ ይገለብጠዋል። ያያችሁትን እንዳለ ጻፉ፤ ግምታችሁን «ግምት» ብላችሁ ለብቻው።

ያ ሸክላ አሁንም አለ። ካርዱ ላይ «ከጠርዙ ቁራጭ ጎድሏል» የሚለው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።