«በ» ወይስ «ለ»? የሳይን ንጥጥር በአማርኛ ሲነገር

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማብራሪያውን ግን ያለ አማርኛ ማስኬድ ይከብዳል። ሳይን 90 ዲግሪ ማዕዘን ባለው ጎነ ሦስት ውስጥ የሁለት ጎኖች ንጥጥር (ሬሾ) ነው፤ ሳስረዳው «ተቃራኒው ጎን በሃይፖቴነሱ» (በረጅሙ ጎን) እላለሁ። ባልደረባዬ «‹በ› ማባዛት ነው፤ ‹ለ› በይ» ይለኛል። ማንኛችን ነን ልክ? ደግሞስ ማዕዘኑ ሀ ከተባለ «ሳይን ሀ» ይባላል ወይስ «የሀ ሳይን»?

መልስ፦ አብሽሩ መምህርታችን፣ ከባድ ጥፋት አላጠፉም። ክፍል ውስጥ ግን የባልደረባዎ «ለ» ይሻላል።

ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ስንናገር ብዙም አንደናገርም። «12 ለ3 ሲካፈል 4»፣ «12 በ3 ሲባዛ 36» እንላለን። ማካፈል ባለ ድርሻ ይፈልጋልና «ለ» ይስማማዋል። ሦስት እንጀራ ለአምስት ሰው ይካፈላል እንጂ «በአምስት ሰው» አይካፈልም። ችግሩ የሚመጣው ግሡን ስንቆርጠው ነው። «ሲካፈል»ን አስቀርተን «4 በ5» ስንል ሸክሙ ሁሉ አንዲቷ ፊደል ላይ ይወድቃል። ቤት የሚሠራ ሰው «4 በ5 ክፍል» ሲል 20 ካሬ ሜትር ማለቱ ነው። ተማሪዎም የለመደው ይህንኑ ነው። 0.8 ሲጠብቁበት 20 ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። «4 ለ5» ቢሉት ግን ግሡ ቢቀርም ንጥጥር መሆኑ አይጠፋውም። ኳስ ወዳዱ የጨዋታ ውጤት ይመስለው ይሆናል፤ እሱን ይታገሡት።

«በ»ን ያመጣብን፣ በእኔ ግምት፣ መጽሐፉ ነው። እንግሊዝኛ ለማባዛትም ለማካፈልም አንዱን መስተዋድድ ይጠቀማል። እኛ ደግሞ ሳናስበው ሁለቱንም «በ» እያልን እንመልሰዋለን።

ባልደረባዎ ግን «‹በ› ማባዛት ብቻ ነው» ካሉ እሳቸውም አበዙት። «በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር» ስንል እያባዛን አይደለም። የሐረጎን ቁልቁለት መንገድ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሾፌር «ከፊትህ 8 በመቶ ቁልቁለት አለ» ቢሉት፣ አግድም በተለካ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። 8 ለ100 ሲካፈል 0.08 ነው። ይህ የቁልቁለቱ ማዕዘን ታንጀንት (ቁመቱ ለአግድሙ ሲካፈል የሚገኘው) ነው፤ ማዕዘኑም 4.6 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ «በ» ማካፈልን በደንብ ይገልጻል። ልዩነቱ «በመቶ» አብሮ የኖረ፣ የጠና አባባል መሆኑ ነው። «በሃይፖቴነስ» ግን እንዲህ ያለ ልማድ የለውም።

ከ«በ» እና «ለ» ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «ተቃራኒው ጎን» ያሉት ነው። የማን ተቃራኒ? ቃሉ ባለቤት ይፈልጋል። 5 ሜትር መሰላል ግድግዳ ላይ ተደገፈ እንበል። እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቋል፤ ጫፉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መሰላሉ መሬቱን የሚነካበትን ማዕዘን ሀ፣ ጫፉ ላይ ያለውን መ፣ የ90 ዲግሪውን ረ እንበለው። ከሀ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳው ነው፤ ስለዚህ የሀ ሳይን 4 ለ5፣ ማለትም 0.8 ነው። ከመ ፊት ለፊት ያለው ግን መሬቱ ነው፤ የመ ሳይን 3 ለ5፣ 0.6 ይሆናል። አንዱ ግድግዳ ለሀ ተቃራኒ፣ ለመ ተጎራባች ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ሹል ማዕዘኖች ተደምረው 90 ዲግሪ ይሆናሉ፤ የሀ ሳይን ከመ ኮሳይን (ተጎራባቹ ጎን ለሃይፖቴነሱ ሲካፈል ከሚገኘው) ጋር እኩል የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቦታውን የማይለቅ ሃይፖቴነሱ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ከ90 ዲግሪው ፊት ለፊት ይገኛል። «ተጎራባች» ሲሉም «ሃይፖቴነስ ያልሆነው» ብለው ይጨምሩ፤ ሁለቱም ማዕዘኑን ይነኩታልና።

ሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ምልክት ሲያነቡ «ሳይን ሀ» ማለት ያስኬዳል። ሲያስረዱ ግን «የሀ ሳይን» ይበሉ። «ሳይን ሀ»ን ሁለት የሚባዙ ነገሮች አድርጎ የሚያይ ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም፤ «የ» ገብታ ሳይኑ የማዕዘኑ መሆኑን ትነግረዋለች። በዚያው «0.8 ሜትር» ብሎ የሚጽፈውንም ያርሙልኝ። ሜትር ለሜትር ሲካፈል ሜትሩ ይጣፋል።

«ጥምርታ» ወይስ «ንጥጥር» የሚሉም አሉ። ጋዜጣው «የተማሪ ክፍል ጥምርታ» ይበል፤ ሒሳብ ክፍል ውስጥ «ንጥጥር» የቆየ ቃል ነውና ባይተዉት እመርጣለሁ።

አንድ ልጨምር። ጎነ ሦስቱን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው አይሰይሙት። ሀ እና ሐ በጆሮ አይለዩም። ለ ደግሞ «የለ ሳይን 3 ለ5» ሲባል ራሷን ታስታለች። በ፣ ከ እና የም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ሀ፣ መ፣ ረ ያልኩት ለዚህ ነው።