መካኒኩ 3,000 ይላል፣ መጽሐፉ 15,000፤ ማንን ልስማ?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ጃፓን ያገለገለች 1000 ሲሲ ቪትዝ አለችኝ። በየቀኑ ከአያት ሜክሲኮ እመላለስባታለሁ። ዘይት የሚቀይርልኝ ልጅ «በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ካልመጣሽ ሞተርሽን ቻው በይው» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ በጃፓንኛ የተጻፈውን የመኪናዋን መጽሐፍ በስልኩ አስተርጉሞ፣ «15,000 ነው የሚለው፣ ልጁ ብርሽን እየበላ ነው» አለኝ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ጭራሽ «እኔ በ10,000 ማይል ነው የምቀይረው» ብሎ ሳቀብኝ። ማንን ልስማ? (ከአያት)

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱም ዝም ብለው አላወሩም። ግን እያንዳንዳቸው የሚያወሩት ስለ ሌላ ዘይትና ስለ ሌላ መንገድ ነው።

ከወንድምሽ ልጀምር። ያለው ልክ ነው። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ 0/20 የሚባለውን ቀጭን ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመመ) ዘይት ለሚጠቀሙ ብዙ መኪኖቹ 10,000 ማይል ወይም 12 ወር ይላል። ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እዚያው ላይ ግን ሰው የማያነበው መስመር አለ፤ መኪናው አቧራማ መንገድ ላይ የሚነዳ ከሆነ፣ ወይም እንደ ታክሲና እንደ ዕቃ አመላላሽ ረጅም ሰዓት ቆሞ የሚሠራና በዝግታ የሚሄድ ከሆነ፣ በ5,000 ማይል ወይም በ6 ወር ይቀየር ይላል። ባለቤትሽ የያዘው መጽሐፍም ያው ነው። ለመደበኛ አጠቃቀም 15,000 ወይም አንድ ዓመት፣ ለከባድ አጠቃቀም ግማሹን፣ 7,500 ወይም 6 ወር። ከባድ የሚለው ምን ምን እንደሆነ እስኪ ደግሞ ያስተርጉምልሽ። ኮረኮንች መንገድ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ አጫጭር ጉዞ፣ ሞተር ሳይጠፋ ብዙ መቆም። አዲስ አበባን ዞሮ አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ቆጣሪው የሚቆጥረው ጎማ የዞረውን ነው፣ ዘይቱ የሚያረጀው ግን ሞተሩ በሠራው ሰዓት ነው። መገናኛ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆመሽ ቆጣሪው ንቅንቅ ባይልም ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ዘይቱም እያረጀ ነው። እስኪ እናስላው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አማካይ ፍጥነትሽ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ሞተርሽ ከ330 ሰዓት በላይ ይሠራል። ያንኑ 5,000 በአዳማ ፈጣን መንገድ በ80 የሚነዳ ሰው በ63 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። አምስት እጥፍ ልዩነት ነው! ሁለታችሁም ቆጣሪ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን አንድ ነው።

በዚያ ሁሉ ሰዓት ዘይቱ ምን ይሆናል? ሙቀት ያበላሸዋል። በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ እርጥበትና ጥላሸት በፒስተኑ ዳር እያለፈ ይገባበታል። ዘይቱ ውስጥ ቆሻሻን የሚያጥብና አሲድን የሚያመክን ኬሚካል አለ፣ እሱም ሥራውን እየሠራ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ቆሻሻው የሚሄድበት የለም፣ ሞተሩ ውስጥ እየተጋገረ ጭቃ ይሆናል። ያንቺ ቪትዝ ቪቪቲ-አይ (የሞተሩ ቫልቮች የሚከፈቱበትን ጊዜ እንደ አነዳዱ የሚያስተካክል ሥርዓት) ያላት ናት። ይኼ ሥርዓት የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው፣ የዘይቱ መተላለፊያም በጣም ጠባብ ነው። ጭቃው መጀመሪያ የሚዘጋው እሱን ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፣ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፣ የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፣ ከዚያ ሰው ቻንዴላ ሲቀይር ይከርማል።

አሁን ወደ ልጁ። ከበርሜል በሊትር እየቀዳ 20/50 ተራ ዘይት የሚሞላልሽ ከሆነ፣ 3,000 ማለቱ ትክክል ነው፣ ብርሽንም አልበላም። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። 20/50 ለቪትዝ አይሆንም። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈስ ይነግርሻል፣ ሁለተኛው ሞተር ሲግል ያለውን ውፍረት። በኅዳር ጠዋት መኪናዋን ስታስነሺ ወፍራሙ ዘይት ወደ ላይ ወጥቶ እስኪደርስ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ደረቅ ብረት ለብረት ይፋተጋል። ሞተር ከሚበላባቸው ሰዓቶች ዋናው ይኼ ነው። ወፍራም ዘይት ነዳጅም ይጨምራል። 20/50 እና «ቁጥር 40» የቀሩት ለነላዳ ዘመን ሞተሮችና ዘይት መብላት ለጀመረ አሮጌ ሞተር ነው። ያንቺ ጤነኛ ከሆነ 5/30 ሲንተቲክ ሙዪ። ጀሪካኑ ላይ የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት) ደረጃውን ተመልከቺ፣ ኤስኤን ወይም ኤስፒ የሚል ይሁን፤ ኤስፒ ከኤስኤን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የመጣ ነው።

እንግዲህ የኔ ፍርድ፦ በጥሩ 5/30 ሲንተቲክ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር፣ ቀድሞ የመጣው። ተራ ዘይት ካልሆነ አይገኝም ከተባለ 3,000፣ ቢበዛ 4,000። አዲስ አበባ ውስጥ 15,000 የሚባለውን እርሺው። ባለቤትሽ ቅር ካለው፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለችሽን ሞተር መጠበቅ ከዘይት ዋጋ ይበልጣል በይው።

ፊልትሮውን ዘይት በቀየርሽ ቁጥር ቀይሪው። «ይኼ ገና ነው፣ በሚቀጥለው እንቀይረዋለን» የሚል መካኒክ ብዙ ነው፤ አዲሱን ዘይት በአሮጌ ቆሻሻ ውስጥ ማሳለፍ ነው ትርፉ። «ሞተሩን በናፍታ ልጠብልሽ» የሚልም አለ፣ አመስግነሽ እለፊው። ናፍታው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ የቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል፣ የነቀለው ጭቃ ደግሞ ሄዶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይዘጋል።

ዘይቱን ራስሽ ከታወቀ አስመጪ ወይም ወኪል ገዝተሽ ሂጂ። ክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ ፊትሽ ይቀደድ። ያንቺ ሞተር ከ3 ሊትር ብዙም አይበልጥም የሚወስደው፣ ጀሪካኑ ደግሞ ባለ 4 ሊትር ነው። የተረፈውን ክዳኑን አጥብቀሽ ቤትሽ ውሰጂው፣ ሲጎድል የምትጨምሪው እሱን ነው። ሲያልቅም ባዶውን ጀሪካን ለቆራሌው ከመስጠትሽ በፊት በቢላ ቅደጂው። ደህና ጀሪካን ተመልሶ ምን እንደሚሞላበት ማን ያውቃል?

ሌላው፣ ዘይቱን በየሁለት ሳምንቱ ለኪ። ቀላል ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሚ፣ ሞተሩን አጥፍተሽ አምስት ደቂቃ ጠብቂ፣ ዘይቱ ወደ ታች ይውረድ። ኮፈኑን ከፍተሽ የመለኪያውን ብረት ምዘዢው። በሶፍት ጥረጊው፣ እስከ መጨረሻው መልሺው፣ እንደገና ምዘዢ። መጀመሪያ የመዘዝሽው ጎኑ ሁሉ በዘይት የተለቀለቀ ስለሚሆን አያስታውቅም፣ የሚነበበው ሁለተኛው ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ ዘይቱ በሁለቱ መሀል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ ይሁን። ከላይኛው ምልክት ካለፈም ጥሩ አይደለም፣ ይቀነስ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ታችኛው ከወረደ ወይ ያፈሳል ወይ ይበላል። ጠዋት የቆመችበትን ቦታ መሬቱን ተመልከቺ። መሬቱ ንጹሕ ሆኖ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ካየሽ፣ ስለ ዘይት ቅያሪ ሳይሆን ስለ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው መካኒክ የምታናግሪው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ በናፍታ የሚሠራ ሚኒባስ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠራው። ዘይት ባስቀየርኩ ማግስት ስለካው ጥቁር ነው። ፎርጅድ ዘይት ሸጠውኝ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ሾፌር ነኝ፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ለዚህ እንኳ ሻጩን አይውቀሱት። የናፍታ ሞተር ጥላሸት ይበዛዋል። አሮጌው ዘይት ሲፈስ ደግሞ ትንሽ ሁልጊዜ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል፣ እሱ ብቻ አዲሱን በአንድ ቀን ያጠቁረዋል። እንዲያውም ጥሩ ዘይት ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ አንስቶ ራሱ ስለሚይዘው ነው የሚጠቁረው። በቀለም ብቻ ዘይት አይፈረድም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይም ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይታይ፣ መኪናውም ከዚያ ወዲያ አይነዳ። ሳይጨምሩበት መጠኑ ከፍ እያለ ከመጣና ናፍታ ናፍታ ከሸተተ ነዳጅ እየገባበት ነው፣ ዘይቱ ቀጥኗል ማለት ነው። በጣት መሀል ሲያሹት አሸዋ አሸዋ ካለ ደግሞ ወይ የአየር ፊልትሮው አቧራ እያሳለፈ ነው ወይ የሚፋቅ ብረት አለ።

ለናፍታ የተሠራ ዘይት መሆኑን ያረጋግጡ፣ የኤፒአይ ደረጃው በ«ሲ» የሚጀምር፣ ለምሳሌ ሲአይ-4። የቤንዚን ዘይት ያን ሁሉ ጥላሸት አይችለውም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሚኒባስ ከ5,000 አያሳልፉ። መጠኑን እርስዎ ራስዎ ጠዋት ጠዋት፣ ረዳቱ ሳይነካው ይለኩት።

ጥያቄ፦ መኪናዬን የምነዳው ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ነው። በዓመት 1,500 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዘይቱ አዲስ ስለሆነ ይቆይልኝ? ቅዳሜ ቅዳሜ ለአምስት ደቂቃ አስነስቼ አጠፋዋለሁ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይቆይም። በዓመት አንዴ ይቀየር። ያቺ አምስት ደቂቃ ደግሞ ትጎዳዋለች እንጂ አትጠቅመውም፣ በተለይ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ ውስጡ የፈጠረው እርጥበት ሳይተን እዚያው ይቀራል፣ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱትና ሥሩን እዩት፣ ነጣ ያለ ቅባት ተጋግሮ ታገኙ ይሆናል። ከምታስነሱት ግማሽ ሰዓት ንዱት፣ ካልሆነም ተዉት።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ጋራዥ ስወስደው «ሰርቪስ ጊዜው ደርሷል፣ ዘይት ይቀየር» አሉኝ። የምን ዘይት? (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ የሞተር ዘይት የሚባል ነገር የለውም፣ ለዚያ ብር ከጠየቁህ ቁልፍህን ተቀበልና ውጣ። ግን መኪናው ምንም ፈሳሽ የለውም ማለት አይደለም። ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው የጥርስ ሳጥን ዘይት አለው፣ የፍሬን ዘይት አለው፣ ብዙዎቹ ባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽም አላቸው። እነዚህ ጊዜያቸው ረጅም ነው፣ ከሞዴል ሞዴልም ይለያያል። «የትኛው ዘይት?» በላቸው፣ ስሙን ከነገሩህ በኋላ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር አስተያየው።